የግራ እጅ ስፌት

አዋሳ፣ ጥር 25፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሻንጣው አሁንም አልዘጋ አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት። ሁለት ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ነጠላ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬ በጠርሙስ። አንቺም አለሽ ደብተሬ። ለ4ኛ ክፍል ሳይንስ ማስተማሪያ ተብለሽ ከት/ቤት ተሰጠሽኝ፤ ለኔ ምስጢር ዋልሽ።

ሁሉም ተሟልቷል። የመውጫ ቪዛ አለ። የሐኪሙ ደብዳቤም አለ፦ ናይሮቢ፣ የማህፀን ሐኪም፣ ቀጠሮ የካቲት 2። ሰባት ዓመት ልጅ ስጠብቅ ኖሬ ተስፋዬ በአንድ ገጽ እንግሊዝኛ መጣ። መኪናውም እንዲሁ ተገኘ። ሳይደግስ አይጣላም! አገሩ የገባ አንድ ሚሲዮናዊ አሮጌ ላንድሮቨሩን ናይሮቢ ላለ ወዳጁ እንዲያደርስለት ለባሌ ሰጠው። መካኒኩም ሾፌሩም ባሌ ነበር። (ከዚህ በኋላ ተ. ነው የምለው። ሰው እጅ ብትገቢ ይሻላል።)

ትናንት አባባ ቀበሌ ሄዶ ዋስ ሆነ። ለሁለታችንም። በሃያ ቀን ባይመለሱ እኔ ልያዝ ብሎ ፈረመ። ባልና ሚስትን ያለ ዋስ አንድ ላይ አይለቁም፤ እኛ ደግሞ መያዣ የሚሆን ልጅ እንኳ የለንም። ሊቀመንበሩ ሦስቴ ጠየቀው፣ አባባ ሦስቴ እሺ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ለማንም ዋስ ሆኖ አያውቅም። ዋስ ከመሆን መታመም ይሻላል የሚል ሰው ነው። እኔ ስለምነው ግን አንዴ እንኳ አላንገራገረም። ደነቀኝ።

ጠዋት ፒያሳ ሱቁ ሄድኩ። እጁ ዛሬም ልብስ ሰፊ ነው፤ ዓይኑ ግን የመርፌ ቀዳዳ አያይም። በየቀኑ ከት/ቤት በፊት ክር የማስገባለት እኔ ነኝ። ለሃያ ቀን ሃያ መርፌ አስገብቼ ትንሿ ትራስ ላይ ሰካሁለት። በቃ ስለው፣ እስኪ ጨምሪ አለኝ። ለምን? ትራሷ እስክትሞላ። ሳቅኩበት። የፈተና ወረቀት ማስረከብ ነበረብኝ፣ ረፍዶብኛል፣ አልጨመርኩም። የኬንያ መርፌ አመጣልሃለሁ አልኩት። ምንም አታምጪ አለ፣ ቀና ሳይል። የተ.ን ኮት እያጠፈ ነበር። ገበሩ ተቀዶ ኖሮ ጠግኖለታል።


ያቤሎ፣ ጥር 26፣ ሐሙስ ማታ

ይርጋለም፣ ዲላ፣ ሀገረ ማርያም። አቧራ ጠጥተን ዋልን። ወገቤ የለም።

ከአዋሳ ስንወጣ፣ ዳገቱ ላይ ሐይቁ ለመጨረሻ ጊዜ በሚታይበት ቦታ ተ. መኪናውን አቆመ። ወርዶ ብዙ ቆየ። ሐይቅ አይተህ አታውቅም እንዴ ብዬ አሾፍኩበት። አልሳቀም። ሽንቱን ሊሸና መሰለኝ፤ እሱንም አላደረገም።

ዲላ ላይ ሙዝ ገዛልኝ፣ ልጦ አጎረሰኝ። እንደ ሙሽራ ነው የሚያደርገው። ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል ብዬ መጻፍ እፈራ ነበር፤ ዛሬ ጻፍኩት።


ሞያሌ (ማዶ!)፣ ጥር 27፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

አለፍን።

አንቺን ዳቦ ቆሎ ከረጢት ሥር ቀብሬሽ ነበር። ፈታሹ እጁን ከተተ፣ አንድ እፍኝ ዘገነ፣ እየቆረጠመ ሄደ። ሞትኩ ብዬ ነበር።

ሌላው ወታደር የሐኪሙን ደብዳቤ ገልብጦ ያዘው፣ አገላበጠው፣ መለሰው። ዋሳችሁ ማነው አለ። አባቴ አልኩ። በኩራት። ወታደሩ ራሱን ነቀነቀ፤ እንግዲያው ትመለሻለሽ አለኝና በሩን ከፈተ። ተ. በዚያ ሐሩር ኮቱን አላወለቀም። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ምን ሆንክ ስለው ብርድ ብርድ ይለኛል አለ። ወባ እንዳይሆን ሰጋሁ።

እዚህ መኪና በግራ ነው የሚነዳው። ተ. ለምዶበት ቀኙን ይዞ ገባ፣ ከፊት የመጣ የጭነት መኪና ጡሩምባውን አንባረቀብን፤ ሾፌሩ በመስኮት ወጥቶ በማላውቀው ቋንቋ እናታችንን አነሳ መሰለኝ። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።


ማርሳቢት፣ ጥር 29፣ እሑድ

መንገዱ ላይ ሽፍታ ስላለ መኪና ሁሉ ተሰብስቦ፣ በፖሊስ ታጅቦ ነው የሚሄደው። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ድንጋይና ግመል። አገሩ ሰው የረሳው ይመስላል። ከዚያ ድንገት ተራራ፣ ደን፣ ጭጋግ! ብርዱ አጥንት ይገባል።

ተ. ውጭ ሞተሩን ሲያይ ኮቱን አንስቼ ደረብኩት። ገበሩ ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ጫፉን ገለጥ አድርጌ አየሁ። የአባባ ስፌት ነው። ግራኝ ስለሆነ መርፌው በተቃራኒው ያጋድላል፤ ከሺህ ስፌት መሀል እለየዋለሁ። ግን ቀዳዳ የለም። ያልተቀደደ ጨርቅ ምን ብሎ ጠገነ? ደግሞ አንድ ክንድ ሙሉ።

ተ. ገባና ኮቱን ከትከሻዬ ላይ ገፈፈው። ሹራብሽን ልበሺ አለኝ። ቆይቶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ደክሞኝ ነው አለ። ሻይ በወተት አመጣልኝ።

ገንዘብ ደብቆ ይሆናል። መቼስ ድንበር ነው፣ ሁሉም ይደብቃል። ግን አባባ ለምን አልነገረኝም? ተዪው። ሐሳቤን ለሐኪሙ ልሰብስብ።


ናንዩኪ፣ ጥር 30፣ ሰኞ

በረዶ ያለበት ተራራ አየሁ! እዚህ፣ ፀሐይ ጭንቅላት በምትበሳበት አገር። አናናስ በላን። አናናሱን የምትሸጠው ሴትዮ በነጠላ ፋንታ በባለ ቀለም ጨርቅ ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላለች። ልጁ እጁን ዘረጋልኝ፣ ጣቴን ያዘ፣ አልለቅ አለ። እናቱ አንድ ነገር አለችኝ፣ አልገባኝም፤ ግን ሁለታችንም ተግባባን።

ተ.ን፣ ወንድ ከሆነ ዳዊት እንለዋለን አልኩት። በወንድሜ ስም። ዳዊት ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመቱ፤ የመጣልን የቆርቆሮ ሳጥኑ ብቻ ነው። ተ. መሪውን ጥርቅም አድርጎ ይዞ ነዳጅ ረገጠ።


ናይሮቢ፣ የካቲት 2፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ጎማ መሸጫ ነው።

ደብዳቤው ላይ ያለው መንገድ አለ። ቁጥሩም አለ። በሩ ላይ የጎማ ክምር፣ አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ፣ አንድ ድመት። የለበስኩት ለሠርግ እንኳ የማልለብሰውን ቀሚስ ነው። ሐኪሙን ብዬ ጠየቅኩ። ሽማግሌው ደብዳቤውን መነጽሩን አድርጎ አነበበ። በጣም አዘነልኝ። እሱ እዚያ ቤት ከተቀመጠ ሃያ ዓመቱ ነው፤ እንዲህ የሚባል ሐኪም ሰምቶ አያውቅም።

ተ. አብሮኝ አልገባም። ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ዞር ብዬ ሳየው መሬት መሬት ያያል።

ያኔ አወቅኩ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ግን አወቅኩ።


የካቲት 3፣ ሐሙስ ጠዋት

ሌሊቱን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነጋ። ሲነጋ እሱ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ኮቱን ረስቶ። ወይም ሆን ብሎ ትቶልኝ፤ እንግዲህ ስለሱ ምንም አላውቅም።

ምላጭ አውጥቼ ገበሩን ፈታሁት። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፣ አንድ ክር ሳልበጥስ። አልጋው ላይ ዘረጋሁት፦ የሱ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት። የመካኒክነት ወረቀቱ። የኔ የመምህርነት ዲፕሎማ፤ አባባ ቤት ሳጥን ውስጥ ነበር። የጋብቻችን ወረቀት። መጨረሻ ላይ በብጣሽ ጨርቅ ተጠቅልሎ የእማዬ የወርቅ ጉትቻ።

እማዬ ከሞተች ጀምሮ አባባ ጉትቻውን ለማንም አሳይቶ አያውቅም።

ለሃያ ቀን ሕክምና የሚሄድ ሰው ዲፕሎማ ምን ያደርግለታል? አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። አልተነሳሁም።

ተ. ዳቦውን ይዞ ገባ። አየ። በሩ ላይ ቆሞ ማልቀስ ጀመረ። ቀድሞኝ! እኔ የማለቅስበትን እንባ እሱ ወሰደብኝ።

ሁሉንም ተናገረ። ቀበሌው ለዘመቻ ስሙን ይዞታል፤ ከመጋቢት አያልፍም። ከዓመት በፊት የነገረው አንድ የቀበሌ ሰው ነው። እኔን አልነገረኝም፤ ጭንቀት ማህፀን ይዘጋል ብለው ስለነገሩት ነው አለ። (ስሚ እንግዲህ ደብተሬ!) ለአባባ ነገረው። "አባትሽ ናቸው ያሉኝ። አንድ ልጄን አፈር በልቶብኛል፤ እቺን ይዘህልኝ ውጣ፣ ሌላውን ለኔ ተወው አሉኝ።" ለኔ እንዳይነግረኝ አስማሉት፤ ካወቀች አትሄድም ብለው።

ሐኪሙንስ አባባ ነው የፈጠረው አልኩት። ደጋግሜ ጠየቅኩት። እሱን እኔ ነኝ አለ። ደብዳቤውን ጓደኛው ቢሮ አስተይቦት ነው። አባባ ሐኪሙ እውነት ነው የሚመስለው። "ሌላ ምን ብዬ አወጣሽ ነበር?"

ሌላ ምን ብሎ። እውነት ነው። ከዚያ በቀር የትም አልከተለውም ነበር። ያንን አውቆ፣ እዚያው ቁስሌ ላይ መንጠቆ ጣለብኝ፤ እኔም ዋጥኩት። ሰባት ዓመት አብሬው ያለቀስኩበትን ነገር ማጥመጃ አደረገው።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።


የካቲት 5፣ ቅዳሜ

መኪናውን አስረከበ። አሁን እግረኛ ነን። አንድ ክፍል ተከራይተናል፤ ሌሎች ያገራችን ሰዎች ያሉበት ግቢ። አንዷ ሴት፣ አሥመራ ያደገች፣ እህቴ እንኳን ወጣሽ ብላ ሳመችኝ። ሁሉም ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስለኔ ሕይወት ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ግቢው ዛፍ ላይ አባ ኮዳ አሞራ ሰፍሯል፤ አዋሳ አሳ ገበያችን ውስጥ የሚንጎራደደው ያው ራሰ በራ። እሱን ሳይ አለቀስኩ። ባል ያላስለቀሰኝን አሞራ አስለቀሰኝ።

አባባንም ተናድጄበታለሁ። በጣም! ለማን ዋስ እንደሆነ ያውቅ ነበር። እንደማልመለስ እያወቀ ቀበሌ ቆሞ ፈረመ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ገለታ እያልኩ። ለምኜው እሺ ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን እስክለምነው ነበር የሚጠብቀኝ። ሁለት ወንዶች ተቀምጠው ሕይወቴን ለክተው፣ ቆርጠው፣ ሰፍተው አለበሱኝ። ይጥበባት ይስፋት ብሎ የጠየቀኝ የለም።

መርፌውን ለምን ጨምሪ እንዳለኝ አሁን ገባኝ።


የካቲት 7፣ ሰኞ

ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ነው የምናወራው። አብረን እንመለስ እላለሁ። ዳዊትን ረሳሽው ወይ ይላል።

እሱ ደግሞ አባትሽ ሽማግሌ ናቸው፣ ልጆቹ አታለሉኝ ይላሉ፣ ይለቋቸዋል ይላል። የጎረቤታችንን የእማማ ዘነቡን ነገር አስታወስኩት። የወንድማቸው ልጅ ቀረና ክረምቱን ሙሉ ቀበሌ እስር ቤት ሲሚንቶ ላይ ተኙ። ሲወጡ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ በወንበር ተሸክመን ነው ያስገባናቸው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ተ. ነበር። ረሳው? አልረሳውም። አይኑን ሰበረ።

ጋራዥ ሥራ አግኝቷል። የስደተኛ መመዝገቢያው ቢሮ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ስምሽን አብሬ አስይዣለሁ አለኝ። እንደገና! እንደገና ሳይጠይቀኝ!

አስቤ አስቤ እዚህ ደረስኩ። ተ.ን ተመለስና ዝመት፣ ሙት ማለት አልችልም። አባባን ግባና ታሰር ማለትም አልችልም። ማዘዝ የምችለው አንድ ሰው አለ፤ እሷም እኔ ነኝ።


የካቲት 9፣ ረቡዕ፣ አውቶቡስ ውስጥ

ማታ ኮቱን መልሼ ሰፋሁለት። የሱን ወረቀቶች ከተትኩ፣ የጋብቻችንንም ጨመርኩ፤ ለሱ ይጠቅመው ይሆናል። ዲፕሎማዬንና ጉትቻውን አወጣሁ። ግማሹ የአባባ ስፌት ነው፣ ግማሹ የኔ። አንዱ ወደ ግራ ያጋደለ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። ያየው ይሆን?

አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኝ። ሙዝ ገዝቶ ሰጠኝ፤ አልላጠውም። እጄን ይዞ፣ "ምሕረት፣ እኔ ፈሪ ነኝ" አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ የነገረኝ ትልቁ እውነት እሱ ነው። ጠልቼው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ።

ሞተሩ ሲነሳ ዘልሎ ይገባል ብዬ ጠበቅኩ። እስከ ናንዩኪ ድረስ ከኋላ የሚመጣ መኪና ባየሁ ቁጥር ዞር አልኩ። አንገቴ ታመመ። አናናስ ሻጯ የለችም።


ማርሳቢት፣ የካቲት 11፣ ዓርብ

በከብት መኪና ላይ። ከሹፌሩ ጎን ቦታ ሰጡኝ። ሹፌሩ ሶማሌ ነው፣ ትንሽ አማርኛ ይችላል። ሰው ሁሉ ከዚያ ወዲህ ይሮጣል፣ አንቺ ወዴት ነሽ ይለኛል። አባቴ ዋስ ሆኖልኝ ነው አልኩት። ማታ ስንደርስ ከምግብ ቤቱ ሴት ጋር ተነጋግሮ ክፍል አስከፈተልኝ።

ብርድ። ኮት የለም። ነጠላዬን ደራርቤ ተኛሁ።

ተ.ን ሕልሜ ውስጥ አየሁት፣ ሐይቁን እያየ ቆሟል። ስጠራው አይዞርም። ነቅቼ ሰደብኩት፣ ከዚያ ራሴን ሰደብኩ።


ሞያሌ (የኛ)፣ የካቲት 13፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ያው ወታደር ነው። አወቀኝ። ባልሽስ አለ።

ይከተለኛል ማለት እችል ነበር። ሁለት ቀን ያተርፍልኝ ነበር። ግን ውሸት ጠግቤአለሁ። ቀርቷል አልኩ። ብዕሩን አንስቶ መዝገቡ ላይ ጻፈ። ብዙ ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደ ወታደር ሳይሆን እንደ ሰው። አንቺ ለምን መጣሽ አለኝ። አባቴ ነው አልኩት። እንግዲያው ቶሎ ሂጂ፣ ወረቀቱ ሳይቀድምሽ አለ።

የእማዬን ጉትቻ አድርጌዋለሁ። ከምደብቀው ይታይ።

ነገ በጠዋት የጭነት መኪና አለ። ማታ አዋሳ። መናኸሪያው ጋ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። አባባ ያለቅሳል። ለምን መጣሽ ብሎ ይጮኻል። ይጩህ። እኔም እጮህበታለሁ፤ ያስጠራቀመኝን ሁሉ። ሁለታችንም ሲደክመን እራት እናበስላለን።

ማክሰኞ ሃያኛው ቀን ነው። ቀበሌ ገብቼ የምለውን መንገዱን ሙሉ አጥንቼዋለሁ። የዋስትናውን ወረቀት አውጡ። አንዷ ተመልሳለች፣ ሰርዙ። የቀረው ባሌ ነው፤ የሽማግሌውን ስም ፍቁና በሱ ቦታ የኔን ጻፉ። እምቢ ካሉ እዚያው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የሚያስሩት ሰው ከፈለጉ አጠገባቸው አለሁ።

ቀበሌ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ነው። እኔ በአሥራ ሁለት ሰዓት ፒያሳ፣ አባባ ሱቅ እሆናለሁ። ትራሷ ላይ የቀረችው አንድ መርፌ ናት። የክር ጥቅሉን፣ ያለውን መርፌ ሁሉ አውጣ እለዋለሁ። ቁጭ ብዬ አስገባለታለሁ፣ ትራሷ እስክትሞላ። ከዚያ እሄዳለሁ።